የዓመት ወንድም

ጉም ጣርማ በርን በጠዋት ሲውጠው፣
ሹፌሩን፣ መብራቱን፣ ገደሉን ሲያላምጠው፣
የበግ ጠጉር ባርኔጣ ታቅፌ እቆማለሁ፤
ከዋሻው አፍ ላይ መስኮት አንኳኳለሁ።

ወንድሜ ዘርጋው፣ የአይሱዙ ረዳት፣
ደሞዙ ለአረቄ፣ ስድቡ ለኔና እናት፤
“ጉርጥ!” ነው የሚለኝ፤ ስሜን አያውቀውም፤
ውዳላት ነኝ ብለው ከአፉ አይወጣውም።

አምና በጥቅምት ጎማ ፈነዳና፣
ታኮ ሊያስገባ ወርዶ ዋሻው ውስጥ ቀረና፣
ውሻ ሰማሁ፤ ብዙ፤ ተራራው እስኪናድ፤
ከዚያ እንደ ሩቅ ሳል፤ ከዚያ እንደ ጭራሮ ሲነድ።
ጎሚስታው ጋሽ ደምሰው ቁልፉን ጣሉና፣
“ቀረቡ” አሉኝ በሹክታ፣ ፊታቸው አመድ ሆነና።
“የነዚያ ውሾች ነገር እንዲህ ነው ልማዱ፤
ሲርቁ ይጮኻሉ፤ ዝም ነው ሲወርዱ።”

አለፉ። ነጫጭ ናቸው፤ ወተት የመሰሉ፤
ጆሯቸው ግን ፍም ነው፤ በጉም ውስጥ ያበራሉ።

ከኋላ ወጣ ዘርጋው፤ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ፣
ያው ቱታ፣ ያው ቁመት፤ ድምፁ ግን የሳሳ።
“ውዳላት” አለኝ።
በስሜ።
ያኔ ነው ብርድ የገባው ከአጥንቴ፣ ከደሜ።

ጣራውን ደፈነ፤ ያረቄውን ዕዳ ከፈለ፤
የእናቴን እግር አጠበ፣ “ደከመሽ ወይ?” እያለ።
እሷማ ስለቷን ጻድቃኔ አደረሰች፤
ጃንጥላ አስገብታ እየሳቀች ተመለሰች።
ባርኔጣዬን ሰፋልኝ በአጋም እሾህ መርፌ፤
አንድም ቀን አልሰደበኝ፤ ግን አልተኛሁም አርፌ።
አያለሁ፦ ብረት የተባለ አይነካም፤
ማጭድ ያዝ ቢሉት ሰበብ አያጣም፤
ውሻችን ነብሮ፣ ጅብ የሚያባርረው፣
በሹክታ ያለቅሳል ደጅ ላይ ሲያየው።

አንድ ሌሊት “ማነህ?” አልኩት፤ አልዋሸኝም።
“ከዋሻው በታች አገር አለኝ፤ ሰላም ግን የለኝም።
ጠላቴን የሚጥል የሰው ክንድ ብቻ ነው፤
እሱ ለኔ ይዋጋል፤ እኔ ለሱ እኖራለሁ፤
ዓመት ነው የተባባልነው።”
“አስገድደኸው ነው?”
“የለም። ጠየቅሁት። ሳቀና፣
‘ቤት ማን ይፈልገኛል?’ አለኝ፤ ፊቱን አወለቀና።”

ዓመቱ ሞላ። ጉም። ውሾቹ ከሩቅ ነጎዱ፤
ቀስ በቀስ አነሱ፤ ወደኔ ወረዱ።
እንግዳው እጄን ያዘ፤ እጁ እንደ ወንዝ ጠጠር፦
“‘ቆይ’ በይኝ ብቻ፤ እቆያለሁ፤ የእናትሽ ሳቅ አይሰበር።”

አልዋሽም፤ አፌ ውስጥ ነበረች ያቺ ቃል፤
ለስላሳ ወንድም ማን ይጥላል?
ግን ደግሞ ትዝ አለኝ፦ በስምንት ዓመቴ፣
ሳንባ ምች ሲይዘኝ፣ ስትጮኽ እናቴ፣
በጀርባው አዝሎኝ ደብረ ሲና ወረደ፣
ጠመዝማዛውን ሁሉ እየተሳደበ፣ እየነደደ፤
“ጉርጥ! ከበድሽ! ብትሞቺ እገልሻለሁ!” እያለ፤
አንገቱን ባቀፈው እጄ ላይ እንባው እየተንከባለለ።

“ሂድ” አልኩት እንግዳውን። “ደህና ነበርክ። ሂድ።”
ፊቱ ተገፈፈ እንደ ጉም፣ ቁልቁል በዋሻው መንገድ።

ከዚያ ዝምታ። ከዚያ እርምጃ። ያነክሳል።
ግማሽ ጸጉሩ አመድ ነው፤ ትከሻው ይደማል።
ቆመ። አየኝ። አፉን ከፈተ፤ ዘጋ።
ዓመት የተዋጋ ሰው እኔን ፈራ፤ ሳይጠጋ።

“ዘርጋው፣ ጆሮህን ይበርድሃል” አልኩት፤ “ባርኔጣ ይኸው፤
ለሌላ ሁለት መቶ፣ ላንተ ሁለት መቶ አምሳ ነው።”

“አንቺ ጉርጥ” አለኝ፤ ድምፁ መሃሉ ላይ ተሰበረ፤
ባርኔጣውን አጠለቀ፤ ሒሳቡ በዱቤ ቀረ።
ከወዲያ፣ ከመሬት ሆድ፣ ከሩቅ፣ ከሩቅ፣
ውሾቹ ጮኹ፣ ተራራው እስኪሰነጠቅ።