የልጆች ብዛት

«ጸደቀ!» ብላ ደወለች ሌሊት፣ ሰዓቱ ተምታቶባት፤
አትጠገብ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች፣
እንደ ጨቅላ አንገት፣ እንዳይቀጭባት።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ዝርዝር ሆነ።
ፈንታነሽ ከካልጋሪ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ፤
ሠላሳ ዓመት በጎንደር ማዘጋጃ፣ መዝገብ ቤት ተቀምጬ
የሰውን ልደት፣ የሰውን ሞት ስጽፍ የኖርሁ ሰው
የራሴ ጉዳይ ሲሆን እጄ ይለግማል።

«የራጁን ፖስታ እንዳትከፍቱት፣ እንደታሸገ ነው።
የአባዬ የግፊት ክኒን የሦስት ወር፣ ከነማዘዣው።
ሃያ ሦስት ኪሎ ነው፣ በርበሬውም ሽሮውም ተደምሮ፤
እማዬም ፊርማ ትልመድ፣
የጣት አሻራ ይብቃት ዘንድሮ።»

ዕድሩ እሑድ ተሰበሰበ።
ዳኛው አቶ ምኒችል መነጽራቸውን አውልቀው፣
«ሃያ ስምንት ዓመት ከፍላችሁ፣ ሳትቀበሩ ልትሄዱ ነው?» አሉ።
ሰው ሳቀ። እኛም ሳቅን።
ከዚያ አንዱ ስለ ድንኳኑ ጠየቀ፤
ሬሳ በሌለበት ይተከል፣ አይተከል፣
እስከ ማታ ተከራከሩ። እኛ ቁጭ ብለን ሰማን።

አራዳ ወርደን ካፖርት ገዛን፣ ልባሽ፣ ከባድ፤
በሚያዝያ ፀሐይ ለብሳ ለካችው፣ ላቧ በጀርባዋ እየወረደ።
«ከዚያው ነው የመጣ» አለ ሻጩ፣
«መልሽው ወደ አገሩ፣ ናፍቆት ይሆናል።»

የቆጣሪው ካርድ ለወንድሜ ልጅ ለአያናው፣
የጡረታው ውክልና ለእሱው፣
አንዱ ቁልፍም ለእሱ፤
ሁለተኛውን ግን አትጠገብ ከማተቧ ጋር አሰረችው።
«እዚያ ይህ በር የለም» አልኋት።
«አውቃለሁ» አለች፣ ቋጠሮውን እያጠበቀች።

ማታ ማታ በወፍጮ ቤት ደረሰኝ ጀርባ ስሟን ትጽፋለች።
አ ቀና ትላለች፣ ት ትታዘዛለች፣
ጠ ግን ታስቸግራታለች፤
ሦስት እግር ያላትን በሁለት ታቆማታለች።
«አንዷ ጎደለች» እላታለሁ።
«ትቆማለች፣ ምን አለባት» ትለኛለች።

እንዲህ ስንል ከርመን፣ ጉዞው አምስት ቀን ሲቀረው፣
ወረቀቱን እያገላበጥሁ ሳነብላት
ጣቷ አንድ ቦታ ላይ ቀረ።
ፊደል ያቅታታል እንጂ ቁጥር አትስትም፣
ቅዳሜ ገበያ ጨው ቸርችራ ያደገች ናት።
«ይህ ምን ይላል?»
«የልጆች ብዛት።»
«ስንት?»
«አንድ።»
«ማን ጻፈው?»

ዘለቀ ነበር ስሙ። እንዲዘልቅ ነበር ያልነው።
ክርስትና በተነሣ በሳምንቱ፣
ልደታ፣ ከወይራው ሥር አኖርነው።
እሷ ስትመጣ ፈንታነሽ አልናት፣ የእሱ ፈንታ።
እኔ፣ ከተማውን ሁሉ የመዘገብሁ አባት፣
እሱን አልመዘገብሁትም። ነገ እያልሁ።
መዝገቡ ሞላ፣ ሌላ ተከፈተ፣ ያም ሞላ።

ደወለች። «ዝርዝሩ አለቀ?»
እናቷ ስልኩን ተቀብላ ነገረቻት።
«እማ፣ አሁን ከነካካነው ይበላሻል…
የሞላሁት እኔ ነኝ። አንድ ብዬ።»
ዝም ተባለ። ውሻ ጮኸ እታች፣ በቀሃ ወንዝ በኩል።
ከዚያ ድምፅዋ ቀጥኖ፣ ትንሽ ልጅ ሆና፣
«ስንት ዓመቱ ይሆን ነበር?» አለች።
አትጠገብ ሳታስብ፣ ሳትቆጥር፣
«ለግንቦት ልደታ አርባ አንድ።»

ስልኩ ሲዘጋ ብዕሬን አነሣሁ።
በዝርዝሩ ጀርባ፣ በዚያ በመዝገብ ቤት እጄ አሰመርሁ፦
ስም። የአባት ስም። የትውልድ ቀን። የሞት ቀን።
እጄ አልለገመም።
«መስካሪ» ከሚለው ጎን ባዶ ተውሁላት፤
ጎንበስ ብላ፣ ምላሷን ነክሳ ጻፈች፣
ጠን በሦስት እግሯ አቆመቻት።

ማኅተም የለውም።
ከራጁ ፖስታ ጋር አልከተትነውም፣
በካፖርቱ የውስጥ ኪስ ነው ያለ፤
ሚዛን ላይ አይወጣም።