በቡሎን የታሰረ

ማዘንጊያ «በቃኝ!» አለች፣ ጡረታ በወጣሁ በወሩ፤
የምንበላበትን ጠረጴዛ ሞርሳ ነክሶታል ከዳሩ፤
የሞረድ ብናኝ ከሽሮው፣ የጠመንጃ ዘይት ከጨው፤
«ወይ ብረቱን ወይ እኔን፣ አንዳችንን ከቤት አውጣው።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በመንግሥት ግምጃ ቤት ጓዳ፣
የሰው ሰደፍ ስጠርብ፣ የሰው ቃታ ሳሰናዳ፣
የኔ የምለው የሥራ ቦታ አንድ ክንድ አልነበረኝም።
ሠራተኛ ሰፈር ቤቴ ጠባብ ነው፤ ግድግዳ ግን አላጣሁም።

ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ፣ ከአቧራው መሃል ቆሜ፣
አንድ የዝግባ በር ገዛሁ፤ መጣሁ ግማሹን ተሸክሜ፤
ግማሹን ቀልቤሳ ይዞልኝ፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ ሊስትሮው፤
«ይሄ በር ስንቱን አስገብቷል» ይለኛል፣ መንገድ ላይ እያንኳኳው።
እኔ የማየው ሌላ ነው፦ ውፍረቱ ሦስት ጣት ሙሉ፤
እንደ ድሮ ሰው ቀጥ ያለ፣ ያልጎበጠ ከነዕድሜው ሁሉ።
የቁልፉ ቀዳዳ ዛሬም አለ፣ ከጠርዙ ገባ ብሎ በቀኝ፤
አልደፈንኩትም፤ ለዘይት ጨርቅ ማንጠልጠያ ሆነኝ።

ለቁመቱ ሜትር አላወጣሁም፤ ክንዴን አጠፍኩ፣
ከክርኔ በታች አንድ ስንዝር፣ እዚያ ላይ በከሰል ጻፍኩ።
አባቴ እንዲህ ነበር የሚለካው፦ «ጠረጴዛህ ዝቅ ካለ
ወገብህ ይመሰክርብሃል፤ ከፍ ካለም ትከሻህ አለ።»
ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፤ ለእግር አላመንኩትም፤
ምናለሽ ተራ ወርጄ ቧንቧ ገዛሁ፤ ዋጋው ግን አልተዋጠልኝም።

ሙክታር በያጁ «ለምን ሥራ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤
«ለጠመንጃ» ስለው መነጽሩን አውልቆ ቀና ብሎ አየኝ።
«የአባቴ ውጅግራ ነው፤ ፈቃድ አለው፤ ወረቀቱ ይኸው ከኪሴ፤
እንደኔው ጡረታ ወጥቷል፤ ከሱ ይልቅ ያስደነግጣል ማስነጠሴ።»

አባቴ ቀለህ ይሞላ ነበር፣
ሌሊት፣ ሰው ሁሉ ሲተኛ፣
ጥይት እንደ ከብት በሚቆጠርበት ዘመን።
ፋኖሱን ከመስኮቱ ውጭ ይሰቅላል፣
ብርሃኑ ይግባ፣ እሳቱ ይቅር ብሎ፤
ባሩዱን በቀንድ ስፍር ሲሰፍር
ትንፋሹን እንኳ ይይዛል።
እኔ ልጅ ነኝ፤ ልጠይቅ አፌን ስከፍት
ጣቱን ያነሣል፦
«ባሩድና ወሬ ባንድ እጅ አይሰፈርም።»

ሰባት ባዶ ቀለህ ትቶልኛል፣ አፋቸው የጠቆረ።
ስምንተኛው የት እንደቀረ
እሱም አልነገረኝ፤
እኔም አልጠየቅሁ።

ሣንቃው ላይ ሰባት ቀዳዳ በሳሁ፣ በሙክታር ትራፓኖ፤
በአመድና በሎሚ አሸኋቸው፤ ነሐሱ ፈካ ወርቅ ሆኖ።
በሰልፍ አቆምኳቸው። አልሞላቸውም፤ ባሩድ ቤቴ አይገባም።
ማዘንጊያ «ታዲያ ምን ያደርጋሉ?» አለች፤ እኔም መልስ አልነበረኝም።

ሲፈን፣ የልጄ ልጅ፣ ከትምህርት ቤት መጥታ ከጎኔ ቆመች፤
ቀለሁን አንድ በአንድ አየች፤ ቦርሳዋን ከፈተች፤
ቀዩን፣ ሰማያዊውን፣ ቡኒውን፣ ሰባቱንም አጎረሰች።
«አያዬ፣ የእርሳስ ማስቀመጫ ነው አይደል?»

እርሳስ።
አዎ ልጄ። የእርሳስ ነበር።
ልክ ነሽ።

ሐሙስ ዕለት ሁለት ልጆች መጥተው
በራችን ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፉ።
ስማችንን አልጠየቁም።
ማዘንጊያ ግድግዳውን ነካች፣ የታመመ ሰው ግንባር እንደሚነካ፣
ከዚያ ወደ ጠረጴዛዬ ዞረች፦
«ይሄን ሁሉ ደክመህ! የተከልከውን ማን ይነቅለዋል?»

ጎንበስ ብላ እንድታይ አደረግኋት።
ሚስማር አንድም የለበትም፤
አሥራ ስድስት ቡሎን፣ አሥራ ስድስት ዳዶ፤
አንድ አሥራ ሰባት ቁልፍ፣ ግማሽ ቀን፣
የቀልቤሳ ትከሻ ከተጨመረበት ደግሞ ከዚያም ያነሰ።
በሩ ዳግመኛ በር መሆን ቢያምረው እንኳ ይችላል።

ዝም አለች።
ጓዳ ገብታ ቆየች፤
እጀታው የላላ የድስት ክዳን ይዛ ወጣች፤
ሞርሳው አጠገብ አኖረችው፦
«እስክንሄድ ድረስ» አለች፣
«ይቺን አጥብቅልኝ።»