ግድፈት

«ሞልቷል እናቴ» አልኳት፤ አልተቆጣች፣ አልለመነች፣
ጥላዋን ዘርግታ ቸርችልን ቁልቁል ወረደች።
ልጇ ደምቢዶሎ፣ ወሯ ገብቶ፣ ቀን ስትቆጥር፣
ይህን ብቻ ነግራኛለች፣ ፌስታሏን ስታስር።

ትኬት ቢሮው ለምሳ ሊዘጋ ሲል አንድ መንገደኛ ሰረዘ፤
ወንበሩ ሳይጠፋ፣ እጄ ቀድሞኝ ያዘ።
ኮቴን እንኳ ሳልደርብ፣ በዚያ በነሐሴ ካፊያ፣
ሮጥኩ እስከ ለገሃር፣ እስከ ታክሲ መሳፈሪያ፣
መታወቂያዋ ላይ ያየሁትን ስም እየጮህኩ።
አንድ እግሯ ሚኒባሱ ላይ ነበር። ደረስኩ።
«ተገኘ!» አልኳት። ትከሻዬን ሳመች።
«ውለታሽን እሱ ይክፈልሽ» አለች።

ተመልሰን ስሟን ስጽፍ፣ ጣቴ እርጥብ፣ ወረፋው እስከ በር፣
አንዲት ፊደል አመለጠችኝ። ማን ልብ ሊል ነበር?

በማግስቱ አውሮፕላኑ ተነሣ። አራት ደቂቃ።
የቀረውን ሬዲዮኑ ተናገረው፤ እኔ አልችልም በቃ።

በሦስተኛው ቀን ስልክ። ከኋላ ሕፃን ያለቅሳል።
«ሲፈን ነኝ። ዝርዝሩ ላይ አመለወቅ ይላል፤
የእናቴ ስም አመለወርቅ ነው፣ ‹ር› አለው መሐሉ፣
ሌላ ሰው ትሆናለች፣ አይደል? እስቲ በደንብ እዩ፣ በሉ።»

መስኮቴ ሥር አንድ ጎልማሳ ደረቱን አስደግፎ፣
«ክንፉ ጋ እንዳይሆን» ይለኛል፣ መታወቂያውን አሳልፎ።
ያቺ ‹ር› እንደ ዓሣ እሾህ ጉሮሮዬ ላይ ቆማለች።
ሲፈን ትንፋሼን ትሰማለች።

«እሷ ናት» አልኩ።
«ግድፈቱ የእኔ ነው።
ከእሷ ያስቀረሁት
ያቺን ፊደል ብቻ።»