መጀመሪያ አንተ ተኛበት

በርጩማ ጠራቢ ነኝ፣ ዋንዛ ነው እንጀራዬ፤
ሂርማታ ነው ደጄ፣ ሐሙስ ነው ገበያዬ።
ራውዳ ላከችብኝ፣ ከሰቃ ወዲያ ማዶ፦
«ምስማርህን ይዘህ ና፣ ዝናቡ ሳይመጣ ከብዶ።
ባለፈው ክረምት ሦስቱን ቀበርኩ፣ ሁለቱ ሳሉብኝ፣
ጭቃው ሰኮናቸውን በልቶ አነከሰብኝ።
ቤት ሥራልኝ ለፍየል።»

ሳቅሁ። ለፍየል ደግሞ ቤት!
ከላይ ቆርቆሮ፣ ከጎን ግድግዳ፣ ሌላ ምን አለበት?

ቦታ መረጥኩላት፣ ከጓሮዋ ዝቅ ብሎ፣
ለጥ ያለ፣ ለሥራ ምቹ፣ በእንሰቱ ተከልሎ።
ራውዳ አልተናገረች። አንድ ባልዲ ውሃ
አምጥታ ደፋችበት፤ ቆሞ ቀረ እንደ ባለጉዳይ ድሃ።
«አየኸው? ውሃ የተኛበት ላይ ፍየል አይተኛም፤
ወደ ዳገቱ ና፣ እግርህ አይቆረጥም።»

ከግራቪሊያው ኋላ፣ የነፋስ ጉልበት ከሚሰበርበት፣
የማለዳ ፀሐይ ቀድማ ከምትደርስበት፣
ችካል መታን።

ወለሉን ከመሬት አነሳሁት እስከ ወገቤ፤
ጭቃም ጅብም አይደርስ፣ ብዬ በልቤ።
ምሰሶው ባሕር ዛፍ ነው፤ ምስጥን ጠርጥሬ
እግሩን ቀባሁለት የተቃጠለ ዘይት፣ ከጋራዥ ተበድሬ።
ለርብራቡ ቀርከሃ። «ክፍተቱስ?» ብላት ጣቷን አሳየችኝ፤
«ይቺን ታሳልፍ» አለች፤ ወዲያው አስጠነቀቀችኝ፦
«በጠጡ ይለፍ፤ የግልገል እግር ግን እንዳያልፍ።»
አንድ ጣት፣ አንድ ቀርከሃ፣ አንድ ጣት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ።
የወረደው በጠጥ ይጠረጋል፣ ለቡናዋ ሥር፤
ይሄን ለጅማ ሰው ምኑን ልዘርዝር።

ለወጠጤው ለብቻ፣ ጠረኑ ከወተት ይገባል፤
ለግልገል አንድ ጥግ፣ የእናቱ ድምፅ ይበቃዋል።
ግርግሙ ከውጭ፣ አንገታቸውን አስግገው ይብሉ፤
ከውስጥ ካገኙትማ ረግጠውት ነው የሚውሉ።
አየር እንዲገባ ብዬ ክፍት ተውኩ፣ በደረቴ ልክ፤
ወደ ኋላ ብዬ አየሁት፤ ኮራሁ እንደ ልጄ መልክ።

«ጨረስኩ» አልኳት።
ብርድ ልብስ ወረወረችልኝ። «መጀመሪያ አንተ ተኛበት።»
ለፍየል የሠራሁት ቤት፣ እኔ ልደርበት?
«ሰው ነኝ እኮ፣ ራውዳ!»
«እነሱ ደግሞ አፍ የላቸው፤
የሚነግሩኝ ሲስሉ ነው፣ ያኔ ደግሞ ረፍዶባቸው።»

ተኛሁ።
የሰኔው ዝናብ መጣ፣ ያ በአግድም የሚሄድ፣
ጎኔን አገኘኝ፣ በዚያችው በክፍቷ መንገድ።
ለቆመው ደረት የሆነው፣ ለተኛው ጆሮ ነው ለካ፤
ቤቱን በራሴ ቁመት ነበር የለካሁት ስለካ።
ሌሊቱን ተቀምጬ፣ ጥርሴን እያፋጨሁ አነጋሁ፤
በማለዳ የታቹን ዘግቼ፣ ክፍቱን ከጣራው ሥር አስጠጋሁ፤
የቆርቆሮውን ክፈፍም በአንድ ክንድ አስረዘምኩ።
ራውዳ አልሳቀችብኝም። ስትከፍለኝ ብቻ
ዓይኗን ከእርጥቡ ትከሻዬ ላይ አላነሳችም።

ማታ አስገባናቸው። ቡሬ ወጣች፤ ዳለቻ ወጣች፤
አሮጊቷ ጉራቻ ግን መወጣጫው ግርጌ ቆመች፣
አሸተተች፣ ዞረች፣ አሮጌው ጭቃዋ ላይ ሄዳ ተኛች።
«ተዋት» አለች ራውዳ፤ «ክፉ ቤትም ይለመዳል።»

ጅማ ተመልሼ፣ በኪራይ ክፍሌ ጋደም ስል፣
ከትራሴ በላይ ያለች ቀዳዳ፣ ስድስት ዓመት ጠብ ስትል፣
ያን ቀን ገና አየኋት። ያከራየኝ ሰውዬ
ተኝቶበት ያውቅ ይሆን? ልጠይቀው ነበር፤ ፈራሁ ስለ ኪራዬ።

ሐሙስ ራውዳ መጣች፣ ማሯን በቅል ልትሸጥ፤
«ጉራቻስ?» አልኳት፣ ሰላምታውን ሳልሰጥ።
«ገባች፤ ግን በራፉ ላይ ነው የምታድር፣
አፍንጫዋን ወደ ውጭ አውጥታ። ምን እንደምትጠረጥር
እሷ ናት የምታውቀው።»

ከበርጩማዎቼ አንዱን መረጠች።
ከመክፈሏ በፊት ግን
ብዙ ጊዜ ተቀመጠችበት።