ገጽ ሰባት

በመጽሐፌ መሀል አንዲት ሴት ነበረች፣
ጥሩአየር ያልኳት፣ ታማ የሞተች።
በሦስት ገጽ ጨረስኳት፣ ሳል አስይዤ ብቻ፣
ባሏን ነጻ ላወጣው ለሌላ ጋብቻ።

ሕመም መች አውቅ ነበር! ፈርዋንያ መጥቼ፣
ልብስ ላሰጣ በቀትር ጣሪያ ላይ ወጥቼ፣
ፀሐይ ፊቴን በላችው፤ ቫዝሊን ቀባሁበት።
ከዚያ ጣቴ አበጠ፣ ከዚያ ጉልበት፣ አንገት።
እስክሪብቶስ ይቅር፣ ማንኪያ ከበደኝ፤
ማዳም ሁለት ፓናዶል ሰጥታ «ሰነፍ» አለችኝ።
ስሙን በሦስት ዓመቱ ከአንድ ሐኪም ሰማሁ፦
«ሉፐስ። አይለቅም፣ ግን ይገራል። ፀሐይ ሽሺ።»
ኩዌት ላይ! ሣቅሁ።

ከጎኔ ተራ ጠባቂ የሐርቡዋ ሩቂያ፣
«ወይን ወጀዕ?» ሲሏት ቃል አጣች መግቢያ።
በሁለት ጣቶቿ፣ እግሯ ላይ፣ ጉንዳን አስኬደች፤
ነርሷ ጎንበስ ብላ ወለሉን ፈተሸች።

ያን ማታ በሩብ ዲናር ደብተር ገዛሁ።
ልቦለድ አልጻፍኩበትም፤ ሕመም ለቀምኩበት፣
ዓርብ ዓርብ፣ ሴቶቹ ፈቃድ ሲያገኙ፦
ውጋት። ፍልጠት። ቁርጥማት።
«ይጠዘጥዘኛል»ን ዓረብኛ ለማስገባት
ግማሽ ገጽ ፈጀብኝ።
«ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ግን አልተተረጎመም፤
ቦታ ትቼለታለሁ፤ ሐኪም አያክመውም።
ገጽ አንድ ላይ የጥሩአየርን ሳል ጻፍኩ፦
ደረቅ ነው፣ ሌሊት ይብሳል፣ ጎን ይወጋል።
ያኔ ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር።

የአንዷን ኢቃማ የያዘው ከፊል
«መጀመሪያ ትሥራ» አለኝ በስልክ።
«መድኃኒቷ ሲያልቅ እሷም ታልቃለች» አልኩት።
ዘጋው። ደግሜ ደወልኩ።
ዘጋው። እኔም ጣቴ እያመመኝ ደግሜ።

እኅቴ ከደሴ ትጠይቃለች፦
«ሁለተኛው መጽሐፍሽ መቼ ነው የሚወጣው?»
ወጥቷል እኮ፣ አልኳት። አርባ ቅጂ፣
ፎቶ ኮፒ ቤት ነው ያሳተምኩት፤
ባለቤቱ ኬራላዊ ነው፣ የወረቀቱን ብቻ ተቀበለኝ።
የመጀመሪያው እዚያው ካልጋሽ ሥር ይቆይ።

ትናንት ሌሊት ስልኩ ጮኸ። ሩቂያ ናት፣
ከኋላዋ የድንገተኛ ክፍል ጫጫታ።
«እትዬ፣ ያ የጉንዳኑ ስንተኛው ገጽ ላይ ነው?
ቶሎ በይ፣ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው!»
በዕድሜዬ ሙሉ እንዲህ የቸኮለ አንባቢ አላጋጠመኝም።
ሰባት፣ አልኳት። ገጽ ሰባት፣ ከላይ ሁለተኛው መስመር።
ጮክ ብለሽ አንብቢለት።