ሦስት ከአሥር

ፈተናው ሲመለስ፣ በቀይ፣ ሦስት ከአሥር፤
ጨመደድኩት ወዲያው፣ በዴስኩ ሥር ለሥር።
ከሁለተኛው ፎቅ፣ ወደ ቀሃ ወንዝ
ወረወርኩት በጉልበት፣ ሊቀበር እንደ ግንዝ።
ወንዙ የት! የሜዳው አጋማሽ እንኳ ሳይደርስ
ዱብ አለ፣ አጉል እንደበሰለ በለስ፣
ከመምህር ቢያድግልኝ ጫማ ሥር።

አልተቆጡም። ደረጃውን ወጡ፣ አጠገቤ ተቀመጡ፤
ዴስኩ ላይ ዘርግተው በመዳፋቸው ተኮሱት፤
እጥፍ፣ ደግሞ እጥፍ፤ አፍንጫ አወጡለት፣ ክንፍ አበጁለት።
«ክብደቱ ያው ነው» አሉኝ፤ «ውጤትህም ያው።
አየር ግን ጠባብ በር ነው፤
በደረት ለሚመጣ ይዘጋል፣
በጎን ለሚገባ ያሳልፋል።»

ከዚያ በመስኮቱ ተኮሱት።

ቀስ አለ፤ እንደ እኔ አልቸኮለም።
ባንዲራውን አለፈ፣ የመጋዘኑን ቆርቆሮ፣
ባህር ዛፉን በትከሻው ታክኮ፣ ዞሮ፣
ባጃጆቹን ከላይ አይቶ፣
የፋሲልን መዋኛ አጥር ተሻግሮ፣
ውሃ ያልተሞላ፣ ጥምቀትን የሚጠብቅ ገንዳ መሐል አረፈ።
ክፍሉ አጨበጨበ። እኔም፣ ሞኙ፣ አጨበጨብኩ።

ማታ በራችን ተንኳኳ።
የመዋኛው ዘበኛ፣ ጋሽ አዛናው፣
ክንፉ ላይ ስሜን አንብበው፣
ሰፈራችንን ጠይቀው ጠይቀው፣
እንደ አደራ ዕቃ በሁለት እጃቸው ይዘውት መጡ።

እናቴ ተቀበለች።
አፍንጫውን ፈታች፣ ክንፉን ፈታች፣
እጥፋቱን አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል፣
እስከ ቀዩ ድረስ።