ሆድ ማለት

ፈተናው ቅዳሜ። ቀኑ ማክሰኞ፣ ማታ፤
ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ፣ የኤሲው ጠብታ
በባልዲ ሲቆጠር፣ ኬሚስትሪ ይዤ፣
በእንቅልፍና በቀመር መካከል ደንዝዤ።

ግድግዳው ላይ ሁለት ወረቀት ለጥፌያለሁ፤
በአንዱ ምዕራፍ፣ በአንዱ ሰዓት እሰርዛለሁ።
አንዱ ሲያጥር ሌላው ይረዝማል፤
አባቴ አይቶት፦ «ይኼ እኮ የባንክ ዕዳ ይመስላል»
ይልና ይስቃል፤
የተማሪ አውቶቡሱን ሊያጥብ ደረጃውን ይወርዳል።

መቶ ሰዓት በጎ ፈቃድ፣ በፊርማ፣ በማኅተም፤
ያለዚያ ማመልከቻዬ ከመሳቢያ አይወጣም።
ሲስተር ሊሲ ናት ፈራሚዋ፤ የኬረላ ሴት፣
እስክሪብቶዋን በክር ያንጠለጠለች ካንገት።
በጎነት በደቂቃ ሲለካ
ያስቀኝ ነበር መጀመሪያ፤ በኋላ ለካ
እኔም ሰዓት እያየሁ ነበር ሰው የማጽናና፤
«አይዞሽ» እላለሁ፣ ሩብ ሰዓት። «ይማርሽ»፣ ሌላ ሩብ፣ እንደገና።

ሥራዬ ማስተርጐም ነው፤ የሀገሬ ልጆች ሲመጡ
ሕመማቸውን ይዞ ማለፍ፣ እንደ ሞላ ሳህን፣ ወጡ
ሳይደፋ።

ስልኬ ጮኸ።
አንድ ገጽ ቀርቶኝ ነበር፤ የሆድ ዕቃ ክፍል፤
ጨጓራ፣ ጣፊያ፣ ቆሽት፣ በቀስት በቀስት ሲከፋፈል።
«ነይ» አለች ሲስተር ሊሲ፤ «አንዲት ልጅ አለች፣
ከመጣች ጀምሮ አንድ ቃል ነው ደጋግማ ያለች።»

በፓስፖርቷ ፋጡማ ናት፤ ሃያ ሰባት ዓመቷ።
ስሙም ዕድሜውም የደላላው ነው። ትርንጎ ብላታለች እናቷ።
አሥራ ዘጠኝ ነው ዕድሜዋ። እንደኔ።
እጇን ይዤ ተቀመጥኩ፤ መጽሐፌ በጎኔ።

«ምንሽን ነው?»
«ሆዴን።»
ሐኪሙ ተጫነ፣ መታ መታ አደረገ፣ አዳመጠ፤
ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከላይ ወደ ታች፤ ምንም አልተገለጠ።
«ይቆርጣታል? ይወጋታል? ያቃጥላታል?»
«ኧረ እንዲያ አይደለም እቴ፤ ባር ባር ይለኛል።»

ባር ባር።
ዐረብኛዬን እንደ ቁም ሣጥን በረበርኩት፤
ይህን ቃል የማስቀምጥበት መደርደሪያ አጣሁለት።
«ማዳሜ ስልኬን ከወሰደች አምስት ወር፤
ታናሼ ታሞ ነበር፤
ድኖም እንደሁ፣ ሞቶም እንደሁ፣ ሆዴ ያውቃል፤ ግን አይናገር።»

ሆድ ለኛ መች ጨጓራ ብቻ ነው?
ይከፋዋል፣ ይባባል፣ ይፈራል፤ ሰው ነው።
ሆድ ይፍጀው ብለን የምንተወው፣
ሆደ ሰፊ አለ፣ ሆደ ባሻ አለ፣ ሆድና ጀርባ አለ፤
ይህ ሁሉ በመጽሐፌ ሥዕል ላይ ቀስት የሌለው፣ ቦታው ያልተባለ።

«ያማታል» ብል ራጅ ያዝዛል፤
«አያማትም» ብል ለማዳሟ ይመልሳታል።
ሁለቱም ልክ። ሁለቱም ስሕተት።
ጥያቄ ነው፤ ምርጫ ያልተሰጠበት።

«ዶክተር፣» አልኩት፣ «ሆዷ ውስጥ ወንድሟ አለ።»
ዝም አለ።
ኩሪያን ይባላል፤ ፀጉረ ገብስማ፤
ምን እንደ ገባው እንጃ፣ ምን እንደ ሰማ፣
ማዳመጫውን ካንገቱ አውልቆ
ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ስልኩን ሰጠኝ፣ የቤቷን ቁጥር ጠይቆ።

ጠራ። ተቋረጠ። ጠራ።
በዘጠነኛው አንድ ጎረቤት አነሳ።
ምን እንደ ሰማች አልተረጐምኩም፤
ማንም አልጠየቀኝም።
ጩኸትም ሳቅም አልነበረም፤
እጇ ግን ከእጄ አልወጣም።

«ስድስት ሰዓት ልጻፍልሽ?» አለች ሲስተር ሊሲ፣ ሌሊት ዘጠኝ ላይ።
«ተዪው» አልኳት፤ ፊቷን ሳላይ።
ኩራት አይደለም፤ ድካምም አይደለም ምክንያቱ፤
ይህችን ሌሊት ከመቶው ውስጥ ማስገባቱን
ሆዴ አልወደደም።
(በማግሥቱ ቆጨኝ። ስድስት ሰዓት እኮ ነው! አልዋሽም።)

በር ላይ የአባቴ አውቶቡስ፤ ሃምሳ ባዶ ወንበር፤
እሱ መሪው ላይ ተኝቶ ነበር።

ቅዳሜ፣ ሠላሳ አንደኛው ጥያቄ፦
የጨጓራ ተግባር ያልሆነው የቱ ነው?
አራቱንም ምርጫ አነበብኩ። ደገምኩ። ሰዓቱ ይሄዳል።
እርሳሴ ካንዱ ክብ ወደ ሌላው ይንከራተታል።
አራት ደቂቃ አለፈኝ፤ ሌላ ሰው ስጠብቅ፣
የምርጫው ዝርዝር ውስጥ ስሟ የማይታወቅ።
ሦስተኛዋን አጠቆርኩ።
ልክ ነች መሰለኝ።
ሆዴን ግን ባር ባር አለኝ።